ድሃ ለመባል ሁለት ጊዜ ተፈትነን ስለ መውደቃችን

ለተከበሩ የኮሌጅ ተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ወንበርዎም፣ ማኅተምዎም፣ ከበርዎ ፊት ተሰልፈን የምንውለውም ሁላችን በደህና መኖራችንን በትሕትና እገልጻለሁ። እኔ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጎን ተቀምጬ ጃንጥላ የምጠግን ሰው ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ኮሌጅ ለአዋላጅ ነርስነት ተቀበላት። ክፍያው ከአቅሜ በላይ ስለሆነብኝ፣ እርስዎ «የተቸገረ ያመልክት» ብለው ባስለጠፉት ማስታወቂያ ተታልለን፣ ይቅርታ፣ ተደፋፍረን አመለከትን። ከዚያ ወዲህ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቅጹ የወር ገቢዬን ሲጠይቀኝ «እንደ ዝናቡ» ብዬ ሞላሁ፤ ጃንጥላ የሚሰበረው ሲዘንብ ነውና። ጸሐፊዎ ይህ ገቢ አይባልም ብለው፣ ከአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያለው ማስረጃ እንዳመጣ አዘዙኝ። ሄድኩ። የትንበያው ባለሙያ ዐይን ዐይኔን ሲያዩኝ ቆይተው፣ መጪው ወር በአብዛኛው ደረቅ እንደሚሆን ጽፈው ፈረሙልኝ። ያ ወር እንደ ጉድ ዘነበ። በሐሰተኛ ማስረጃ ስላልከሰሱኝ ውለታዎን አልረሳም።

ሁለተኛ፣ ገምጋሚዎችዎ ኑሯችንን በዐይናቸው ሊያዩ እንደሚመጡ ተነገረን። ባለቤቴ ከሰው ፊት ማነስን አጥብቃ የምትፈራ ሴት ናት። የተከበሩ ሰዎች ቤቷ መጥተው ጀሪካን ላይ አይቀመጡም ብላ፣ ከጎረቤታችን ከባለ ወፍጮው ቤት ሶፋውን፣ ምንጣፉንና መጋረጃውን ተውሳ ቤቱን የሙሽራ ቤት አስመሰለችው። እኔ ሶፋው ላይ መቀመጥ ፈርቼ ቆሜ ተቀበልኳቸው። ሦስቱም ገቡ፣ ሶፋው ውስጥ ሰጠሙ፣ ሻይ ጠጡ፣ መርቀውን ወጡ። በሳምንቱ የደረሰን ውሳኔ «የቤተሰቡ አኗኗር ከመካከለኛ በላይ ነው» ይላል። ባለቤቴ ውሳኔውን ስትሰማ፣ እግዜር ይይላትና፣ መጀመሪያ ደስ አላት።

ሦስተኛ፣ ይግባኛችንን ተቀብለው ገምጋሚዎቹን ዳግም ስለላኩልን ከልብ አመሰግናለሁ። በዚህኛው ጊዜ ባለቤቴ እልህ ተያያዘች። የሰውን ዕቃ መመለሷ አልበቃ ብሏት፣ የራሳችንን አልጋ፣ ምድጃና ድስት ሳይቀር ወደ እህቷ ቤት አጋዘችው። ገምጋሚዎችዎ ባዶ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፈን ቆመን አገኙን። ስማችንን ጠሩ፣ አቤት አልን፤ እነሱም «በተጠቀሰው አድራሻ ነዋሪ አልተገኘም» ብለው ጻፉ። ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «አባዬ፣ መጀመሪያ ሀብታም ናችሁ አሉን፤ አሁን ደግሞ የላችሁም አሉን። ድሃ የምንሆነው መቼ ነው?» ያልተሰበረ ጃንጥላ ስፈታ አመሸሁ።

አራተኛው እርስዎን በግል የሚነካ ስለሆነ ባለቤቴ እንዳልጽፈው ከልክላኛለች።

አምስተኛውን የሰማነው በመጨረሻ ነው። ሶፋው እኛ ዘንድ በዋለበት ቀን፣ ገምጋሚዎችዎ ከእኛ ቤት ወጥተው በዚያው ወደ ባለ ወፍጮው ቤት ጎራ ብለው ኖሯል። ልጁ «ማመልከት በነጻ ነው» ብሎ አመልክቶ ነበርና። ሰውየው ሁለት ወፍጮና አንድ የጭነት መኪና አለው። እነሱ ግን ሳሎኑን ባዶ፣ መስኮቱን ያለ መጋረጃ፣ ሚስቱን መሬት ላይ ተቀምጣ ቢያገኟት፣ አንደኛዋ ዕንባቸውን መቆጣጠር አቃታቸው አሉ። ለልጁ ሙሉ ድጋፍ ተፈቀደለት።

ባለ ወፍጮው ወሬውን ሊነግረን በራችን ላይ ሲቆም፣ ያ ኩሩ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሳየው መርዶ ያመጣ መሰለኝ። ገንዘቡን ሊመልስ ወደ እርስዎ ሄዶ እንደነበር፣ እርስዎም የድጋፍ መመለሻ ቅጽ ገና አልታተመም ብለው እንደሸኙት አጫወተን። ከዚያ የልጄን የዓመት ክፍያ ከራሱ አውጥቶ በእጇ አስያዛት። «ያንቺ ነው፤ መንገድ ስቶ ነው እኔ ቤት የገባው» አላት። ልጄ አለቀሰች፤ እናቷ አለቀሰች፤ እኔም ደረቅ ነኝ ስል ከረምኩ እንጂ አልቻልኩም።

ክቡር ሆይ፣ ልጄ ዛሬ ነጭ ጋውን ለብሳ ትማራለች። ሳይደግስ አይጣላ እንዲሉ፣ ድጋፍዎ ዞሮ ዞሮ ደርሶናልና፣ የዘነጉን በማወቅ ይሁን ባለማወቅ ሳልመረምር፣ ዕድሜና ሹመት እንዲጨምርልዎ፣ ከዚያም አልፎ ከፍ ወዳለና ከእኛ ወደ ራቀ ወንበር እንዲዛወሩ ዘወትር እጸልያለሁ።

ጃንጥላዎ ቢሰበር በነጻ የሚጠግንልዎ፣
የአውቶቡስ ማቆሚያው ጃንጥላ ጠጋኝ

ሳልረሳው፦ የመሥሪያ ቤትዎ ሾፌር ትናንት ጃንጥላ ሊያሠራ መጥቶ ነበር። እሱም ኮሌጅ የተቀበላት ልጅ አለችው፤ ይህን ሁሉ ዓመት የመኪናዎን በር ሲከፍትልዎ፣ ማመልከት እንደሚችል ግን የነገረው የለም። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩለት። ችግረኛነቱን ለማጣራት ገምጋሚ ልከው አይድከሙ፤ ደመወዙን የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት።