በቀኝ ጆሮዬ ልጄ

ኅዳር 3፣ ጧት
ጎህ ሲቀድ ነው። እንደ ልማዴ ደጅ እየጠረግሁ። የንስሐ አባቴ ከሽማግሌዎች ጋር መጡ። በዚህ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ ቢቸና ያደገ ሁሉ ያውቃል። ልጄ ይበልጣል፣ ትናንት ከሞጣ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ። የቀረውን አልሰማሁም። ጠርጌ ልጨርስ አልኋቸው።

ኅዳር 5
ለቅሶ። ዘመድ ከየጁቤም መጣ። ልብሱን አወጡ፣ ፎቶውን አወጡ። ወንድሜ የልጄን ጊታር ያዘና የጀግና ጠመንጃ እንደሚነሣ ከፍ አደረገው። አንድ ክር ተበጥሶ ይወዛወዛል። ማስታወሻዬ፣ እኔ ያየሁት ክሩን ብቻ ነው።

ኅዳር 19
ሰዒድ ከሞጣ መጣ። የልጄ ጓደኛ። በሰዒድ አባት ጨርቅ ቤት ጓዳ አብረው ዘፈን ይቀዱ ነበር። የጨርቁ ጥቅል ማሚቶውን ይውጠዋል ይለኝ ነበር ይበልጣል።
ላፕቶፕ ይዟል። አርባው ሳይወጣ በሐዘን ቤት ሙዚቃ አይሰማም። ስለዚህ ማዳመጫውን በነጠላዬ ሸፍኜ ሰማሁ። ጎረቤቴ ወ/ሮ ጥሩ ገብታ ጆሮሽን አመመሽ እንዴ አለችኝ። ሰዒድ ቀደመኝና ትንሽ ነው አላት።
የጊታሩ ድምፅ መጣ። በቀኝ ጆሮዬ ብቻ። መጀመሪያ የልጄ ትንፋሽ፣ ከዚያ በእግሩ መሬት መታ መታ ሲያደርግ። ግራዬ ባዶ ነው።
ሰዒድ ድምፁ ቀጥኗል ይላል። ከፍ አድርገው አልሁት። አደረገው፤ ጆሮዬን ወጋኝ፣ እንደ ቀጠነ ነው። ያንኑ ቅጂ በግራም ደገመልኝ። ጮኸ እንጂ አልወፈረም። እንዲሞላ ለግራው እንደ አዲስ ሁለተኛ ጊዜ መመታት አለበት አለኝ፤ እጅ ራሱን አስተካክሎ አይደግምም፣ ያቺ ትንሽ ልዩነት ናት ድምፁን የምታሰፋው። ይበልጣል አንዱን ብቻ መትቶ ነበር። ሁለተኛውን እኔ ልምታው ብሎ ለመነኝ።
እንቢ አልሁ። በልጄ እጅ ላይ የማንም እጅ አይነባበርም።
እሺ እማማ አለ። ምሳ ሳይቀምስ ሄደ። ክፉ ሰው ሆንሁ?

ኅዳር 21፣ ጧት
ከቤ/ክ ገና መምጣቴ ነው። ማኅሌቱን ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። ዓይኔን ጨፍኜ። ቀኝ ያነሣል፣ ግራ ይቀበላል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ፣ ያው ቃል፣ ያው ዜማ። አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ግማሽ ትንፋሽ ዘገዩ። አላበላሸውም። ቤቱ እንደ ውኃ ሞላ፣ እኔም ተንሳፈፍሁ። ልጄ በቀኝ በኩል የቆመ መሰለኝ። በግራው ማን አለ?
ስንወጣ ለንስሐ አባቴ ሁሉን ነገርኋቸው። መቋሚያቸውን ተደገፉ።
«ወለተ ሥላሴ፣ ግራው ሲያዜም ቀኙ ይጠፋል እንዴ?» አሉኝ።
አርባው ይውጣ፣ ከዚያ ሞጣ ወደ ሰዒድ ሂጂ አሉ።

ታኅሣሥ 15፣ ሞጣ
ጓዳው ውስጥ ነኝ። ከጣሪያ እስከ ወለል ጨርቅ። የሰዒድ አባት የጾም ምሳ ከጎረቤት አስመጡልኝ። መብራት ሄደ፤ ተቀምጠን ጠበቅን። መብራት መጣ።
ሰዒድ ማይኩን ከጊታሩ ድምፅ ማጉያ ፊት ትንሽ ወደ ጎን አዘነበለው። ጆሮ የሚወጋው ድምፅ ለሰለሰ። ካመጣሁለት የልጄ ጊታር የተበጠሰውን ክር ብቻ ቀይሯል፤ ሌሎቹ ይበልጣል የነካቸው ናቸው አለኝ።
መታ። ትቀድመዋለህ አልሁት። እንደገና መታ። አሁን እያደመጠው ነው፣ ከጎኑ እንደሚሄድ ሰው።
በቀኝ ልጄ፣ በግራ ሰዒድ። መካከሉ ሰፊ ሜዳ ሆነ፣ ጧት ጉም የተኛበት። እጄን ዘረጋሁ። ምን ልይዝ እንደሆነ እንጃ።
መጀመሪያ ላይ ያለው ትንፋሽ ይቆረጥ ወይ አለኝ። በሌላ ዘፈን ይቆረጣል ማለት ነው። አይቆረጥም አልሁ።
ዘፈኑ ለሰው ይወጣል። ወሰንሁ። ከሥሩ ምን እንጻፍ ሲለኝ እስኪ ቀስ ብዬ ልጻፍልህ አልሁት። ይኸው፦
የምትሰሙትም የምታነቡትም፣ በቀኝ በኩል የምትሰሙት ልጄ ነው። የክርስትና ስሙ ገብረ መድኅን። በየቋንቋችሁ፣ በየእምነታችሁ፣ አንድ ጊዜ ስሙን ጠርታችሁ ነፍስ ይማር በሉልኝ።