ቂብላው የታለ?

ከሚሴ፣ ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን 2017

ለወንድሜ ለቶፊቅ፣ ጅዳ

ለኪ! አይደለም አልኩህ! ሰው ስለ ማሽን ሲወራለት ይሰለቻል ያለህ ማነው? ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለዘጋኸው ደብተር ላይ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። እስኪ ይኼን ዝጋው!

ለመሆኑ አካም ጂርታ፣ ወንድሜዋ? ደህና ነህ? እሺ፣ ወደ ጠባችን።

«የዘጠኙ ጨረቃ ሰዎች» እንደ አዲስ ተሠርቶ መጣ። በድሮው ፊልም መርከቧ ሰማይ ላይ የትም ብትገለባበጥ ወደ ምድር የምትጠቁም መርፌ ነበረቻቸው። መርፌዋ ሳትረጋ መንቀሳቀስ የለም። በአዲሱ መርፌ የለ፣ ምን የለ፤ ቁልፍ ይጫናሉ፣ ደረሱ፣ ተኩስ! «ዓለም ሁሉ እንዲያየው ብለው ነው ያቀለሉት» አልከኝ። ከሚሴ ዓለም ውስጥ የለችም እንዴ?

ማክሰኞ እንድሪስ ቪዲዮ ቤት ማይኩን ይዤ ስተረጉም፣ ከጨፋ ሮቢት የመጡት አባባ አቡበከር ብድግ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ቂብላው የታለ?»

ሰዉ በሳቅ ፍርስ አለ። ጥፋቱ ያንተ ነው! አንተ የድሮውን ስትተረጉም ለመርፌዋ ስም ብታጣ የሶላት አቅጣጫ ይመስል ቂብላ አልካት፤ ሰውዬው እስከ ዛሬ ካፒቴኑ የሚሰግድ ይመስላቸዋል። ሳቁ በረድ ሲል ግን ሰዎቹ «እውነታቸውን እኮ ነው፣ አቅጣጫውን በምን ያውቁታል?» ማለት ጀመሩ። እኔም ተኩሱን ትቼ ስለ መርፌዋ ከራሴ አወራሁላቸው። ወላሂ አንድ ሰው አልወጣም!

እንድሪስ ግን ጦፈ። «ፊልም ላይ ፊልም አትጨምሪ! ሰው የመጣው ለተኩሱ ነው።» ታውቀኛለህ፣ እኔም አልተውኩትም። በመጨረሻ ዛሬ ጠዋት ምን አለኝ? «መርፌዋ የቶፊቅ ናት። እሱ ደውሎ ትግባ ካለኝ ትገባለች። አለዚያ ነገ ከጁምዓ በኋላ ማይኩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

ትምህርት ቤት ተመለሺ የምትለውን ደግሞ ተወኝ። ስምንተኛን ጥዬ ስወጣ ጭንቅላቴን እዚያ ረስቼ አልመጣሁም። ይኼን ማይክ ከነጠቁኝ ግን ምን ይቀረኛል?

«መርፌዋን ረስቻታለሁ» ያልከውን አላምንህም። መርፌዋ ስትረጋ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «አሁን አገራቸውን አገኟት» ትል ነበር። ያኔ ስድስት ዓመቴ ነው። እኔ ያልረሳሁትን አንተ ትረሳዋለህ?

እማ ሰላም ብላሃለች። ትናንት እዚህ የተውከውን ልብስ በሙሉ አጥባ አሰጣችው። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።

አላህ ካለህበት ይጠብቅህ፤ የአሠሪህን ልብ ያራራልህ።

እህትህ ከውሰር

መጀመሪያ ለእንድሪስ፣ ቀጥሎ ለእማ፣ ከዚያ ለእኔ። ዛሬውኑ ደውል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ መግሪብ ሳይደርስ!