ሄስተር አልሄድም ብላለች

ለምወድሽ ለእህት ዓለሜ ለዳፍኒ፣

እንዴት ከርመሻል? የዚያ አገር ብርድ በስንት መከራ ለቀቃችሁ? ሳሉ ተወሽ ወይ? ባልሽ ኢሳምስ መጥረቢያ የመታው እግሩ ዳነለት? ቤቲስ ጥርስ አወጣች? ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ ስምሽን ሳላነሣ የዋልኩበት ቀን የለም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ሄስተርም ልጃችን ሮዳም ደኅና ናቸው። እኔም ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለኝም ልልሽ ነበር፤ ግን ላንቺ መዋሸት ከልጅነቴም አልሆነልኝም። ክረምቱን እንዴት እንደተሻገርነው ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

«ያ አገር ለእኛ አይሆንም፤ መርከብ ተሳፈሩና ወደ እኛ፣ ወደ ንጉሡ ግዛት ኑ» ብለሽ ለጻፍሽልኝ መልሱ የዘገየው ቸል ብዬ አይደለም። እኔና ሄስተር ሳንስማማበት ስለከረምን ነው።

ባለፈው ዓመት፣ በዚያ አንጎል በሚያፈላ ሙቀት፣ ከየግዛቱ የመጡ ትልልቅ ሰዎች እዚሁ ከተማችን ውስጥ በርና መስኮት ዘግተው ስለ አገሩ አዲስ ሕገ መንግሥት ሲመክሩ ከረሙ። የተስማሙበት ነገር በጋዜጣ ሲወጣ፣ በርሜል የምሠራለት ሚስተር ኦሊፋንት ጋዜጣውን ይዞ መጣና ከሥራ በኋላ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እህቴ፣ «ባሪያ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም። «ሌሎች ሰዎች» ነው የሚለን። በምክር ቤት ወንበር ሲከፋፈሉ ነጻ ሰው አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ ከእነዚያ «ሌሎች ሰዎች» ግን አምስቱ እንደ ሦስት። የደቡብ ጌቶች ባሪያዎቻችን ሁሉ ይቆጠሩልን ሲሉ፣ የሰሜኖቹ ደግሞ ንብረታችሁን ቆጥራችሁ ወንበር ልትወስዱ ነው ወይ ሲሉ፣ እንደ ገበያ ዋጋ ተከራክረው መሐል ላይ ተገናኙ። ወንበሩ ለጌቶች ነው፤ የተቆጠረው ግን አፍ የለውም። ከባሕር ማዶ ሰው እየጫኑ ማምጣትም ለሃያ ዓመት እንዳይከለከል ተስማምተዋል። እኔን ያንቀጠቀጠኝ ግን ሌላው ነው፤ ከአንዱ ግዛት አምልጦ ወደ ሌላው የገባ፣ ባለቤቱ ሲጠይቅ ተመላሽ ይሆናል ይላል። ሄስተር ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ከሜሪላንድ ጠፍታ እንደመጣች ታውቂያለሽ።

ኦሊፋንት ክፉ ሰው አይደለም። ዓይኔን ማየት አቅቶት፣ «ፕሪመስ፣ እኔንም ደስ አላለኝም። ግን ይህን ባይሰጧቸው ደቡቦቹ ጥለው ይሄዱ ነበር፤ አገር ይፈርስ ነበር» አለኝ። ሄስተር ልትወስደኝ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። «ጌታዬ፣ የሰጡት የራሳቸውን ቢሆን ቸር በተባሉ። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ማንን ያቅተዋል?» አለችው። ሰውዬው ጆሮው ድረስ ቀልቶ ወጣ።

በታኅሣሥ የእኛም ግዛት ያንን ወረቀት አጸደቀ፤ ደወል ተደወለ። በየካቲት የፈራሁት ደረሰ።

ሄስተር ገበያ ውስጥ ከዓሣ ሻጮቹ ጎን ቆማ የጨጓራ ሾርባዋን ትሸጣለች። ክሪድል የሚባል የሜሪላንድ ሰው ሁለት ጉልበተኞች አስከትሎ መጣና «አንቺ! ሳል አይደለሽም እንዴ?» ብሎ በድሮ የባርነት ስሟ ጠርቶ ክንዷን ያዘ። «ሾርባ ከፈለግህ ተሰለፍ» አለችው። ሰዎቹ ሲጎትቷት ዓሣ ሻጮቹ እሪታቸውን አቀለጡት። አንዲቱ ሽርጧን ሳትፈታ እየሮጠች መጥታ ነገረችኝ። እኔም የበርሜል መዶሻዬን እንደያዝኩ ወጣሁ፤ ከኋላዬ የሥራ ቤቱ ሰው በሙሉ ወጣ። ሕዝቡ መንገድ ስለዘጋባቸው ወደ ጋሪያቸው ሳይሆን ወደ ዳኛው ቤት ነበር የወሰዷት። ኦሊፋንትም ለባርነት ተቃዋሚዎች የሚሠራ አንድ ጠበቃ ይዞ ደረሰ።

ክሪድል ደረቱን ነፍቶ «የአጎቴ ንብረት ናት። ልጅም እንዳላት ሰምቻለሁ፤ እናቲቱ የእኛ ከሆነች ልጅቱም የእኛው ናት» አለ። ሮዳን ማለቱ ነው። እህቴ፣ የዚያን ጊዜ መዶሻው እጄ ላይ እንዳለ ትዝ አለኝ። ጓደኞቼ ክንዴን ባይዙት ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍልሽ ከወህኒ ቤት ነበር።

ሄስተር ልትናገር ስትል ዳኛው «ዝም በይ፤ ጠበቃው ይናገርልሻል» አላት። እሷ ግን ቀና ብላ «ጌታዬ፣ እነዚህ ሰዎች ወንበር ሲቆጥሩብኝ ከአምስት ሦስት ሰው ነኝ። እንግዲያው ከአምስት ቃል ሦስቱን ልናገር» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጸሐፊው ሳይቀር አፉን በእጁ ያዘ። ዳኛው ከንፈሩን ነክሶ «እሺ፣ ተናገሪ» አላት።

«ወረቀቱ የት አለ?» አለች።

ወረቀት አልነበረውም። አጎትየው ሞቷል፤ ክሪድል ደግሞ ከአጎቱ ሚስት ጋር ገና በውርስ ይካሰሳል። ጠበቃው ያቺን ክር ይዞ እስኪበጠስ ጎተታት። በመጨረሻ ዳኛው «የአንተ መሆኗን የሚያሳይ ማስረጃ በመጋቢት ይዘህ ቅረብ» ብሎ ለሰውዬው ቀጠሮ ሰጠው፤ ሄስተርን በኦሊፋንት ዋስትና ለቀቃት።

እኔ በማግስቱ ወደ ወደብ ሄድኩ። ወደ እናንተ የምትጓዝ መርከብ አገኘሁ፤ ካፒቴኑም እሺ አለኝ። ዕቃ ማሰር ስጀምር ሄስተር የቋጠርኩትን ትፈታለች። «ሰው ዋስ ሆኖልኝ እሱን አሳስሬ ልጥፋ?» አለች። ዋስትናው ሲያልቅስ አልኳት። «ያኔም አልሄድም። እህትህስ ብትሆን በጦርነቱ ቃል የተገባልንን መሬት ስጡን እያለች በር ለበር ትዞር የለም እንዴ? እዚያም ሆነ እዚህ ያው ልመና ነው» አለች። እኔም ተናድጄ፣ አንገትሽን ለገመድ ያቀረብሽ ምን ያለሽ ሴት ነሽ አልኳት። ያኔ ነው አጠገቤ ቁጭ ብላ የልቧን የነገረችኝ።

«እናቴ ሜሪላንድ ቀርታለች። እሷ በተቆጠረች ቁጥር የጌቶቿ ወንበር ይሰፋል። እኔ እዚህ ስቆም ግን ሙሉ ሰው ሆኜ የምቆጠረው በዚህኛው ወገን ነው። መርከብ ላይ ወጣሁ ማለት ከዚህኛው ሚዛን ራሴን አነሣሁ ማለት ነው። ለክሪድል ይህን ውለታ አልውልለትም» አለች።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ግን ካፒቴኑን ሄጄ ይቅርብን አልኩት።

ከዚያ ወዲህ የመረዳጃ ማኅበራችን ወንዶች ተራ ገብተው ገበያ ያደርሷታል፤ ማታ ይመልሷታል። «አጃቢ ያላት ሾርባ ሻጭ» እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም «ጠብቁ እንጂ ድስቱን አታሽትቱ» ትላቸዋለች። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ የዳኛው ግቢ ጢም ብሎ ሞላ። ክሪድል አልመጣም። የአጎቱ ሚስት ውርሱን አሳግዳበት ወረቀት የሚሰጠው ሰው አጥቷል አሉ። ዳኛው ክሱን ሰርዞ ዋስትናውን አወረደ። ሄስተር እዚያው ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ያን ሁሉ ቀን አንዴ እንኳ ስትርበተበት ያላየኋትን ሴት ተሸክሜ ነው ቤት ያስገባኋት።

አለቀ አልልሽም። ነገ ሴትዮዋ ራሷ ሰው ትልክ ይሆናል። ስለዚህ ጥበቃው አልተነሣም። ሰዎችን አፍነው ከግዛቱ ለሚያስወጡ ሌቦች ቅጣቱ እንዲከብድ አቤት ካሉት ጋር እኛም አቤት ብለናል፤ ባለፈው ወር ሕጉ ጠንከር ብሏል። እሁድ እሁድ ከኦሊፋንት በርሜል ቤት በላይ ባለው ቆጥ ላይ ማንበብ አስተምራለሁ። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ይመጣሉ፤ መጀመሪያ ማንበብ የሚፈልጉት ያንን የስምምነት ወረቀት ነው። የሚጎዳህን ነገር በሰው አፍ ከመስማት በራስ ዓይን ማየት ይሻላል ይላሉ።

እንግዲህ እህት ዓለሜ፣ ወደብ ወጥተሽ አትጠብቂን። አትቀየሚኝም። እናንተ ከዚያ፣ እኛ ከዚህ እንግፋው። የመሬቱን ነገር አትልቀቁ፤ ቢሰለቹሽም አትሰልቻቸው።

ኢሳምን ሳሚልኝ፤ እግሩን እስኪድን ያሳርፈው፣ ግትርነቱን አውቀዋለሁ። ቤቲን ጉንጯን ነክሰሽ አጎትሽ ነው በያት። አማትሽን እጅ ነሥቻለሁ፤ በጸሎታቸው አይርሱን። ሮዳ ለአክስቴ ብላ ከታች ያለውን ዶሮ የሚመስል ነገር ሥላለች፤ ፈረስ ነው አለችኝ።

ሄስተር አጠገቤ ቆማ አንድ ነገር ጨምር ትለኛለች። ያ ወረቀት በጥቂት ዓመት ውስጥ ሕዝብ ቆጣሪ በየቤቱ ይዞራል ይላል። «ያን ቀን በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ። ቤታችሁ ስንት ሰው አለ ሲለኝ አራት እለዋለሁ፤ አንዱም ሳይሸረፍ» በላት ብላለች። አዎን፣ አራት ነው ያለችው፤ በመስከረም አንድ ሕፃን እንጠብቃለን።

ታናሽ ወንድምሽ ፕሪመስ

ፊላደልፊያ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1788