ስለሌሉኝ ላሞች

ጥቅምት 6 ቀን 1979
ጉያቱ ዛሬም ወተት አመጣች። ጮጮዋን አስቀምጣ ሰላምታ ጀመረች። "አካም? ናጋ? ሎን ናጋ?" ላሞቹስ ደህና ናቸው? ማለቷ ነው። ለሌላው ሰው ከላሞቹ በፊት ልጆቹ ይጠየቃሉ፤ "ኢጆሌን ናጋ?" ይባላል። እኔ ጋ ስትደርስ ይቺን ትዘላታለች። አዝናልኝ ነው... ላምም እኮ የለኝም! የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ። "ናጋ" አልኳት። የሌሉኝ ላሞች ደህና ናቸው።

ጥቅምት 20
የይለፍ ወረቀቱ ከቀበሌ ተገኘ። ነገ አዲስ አበባ፣ ለምርመራ። እኔ፣ ባሌ ዳዳቻና ጎረቤታችን አፀደ። እሷም እንደኔ አልወለደችም። ባሏ ወታደር ነው፣ ፈቃድ አላገኘም። አማቴ ሻንጣዬን እያሰሩ፣ "ምን እንደሆነ ብቻ እወቂ። ከታወቀ መላው አይጠፋም" አሉኝ።

ኅዳር 5
ውጤት ተነገረን። የአፀደ ሁለቱም የማህፀን ቱቦ ተዘግቷል። ሳይታከም የቆየ ኢንፌክሽን ነው አሏት። የኔ ክፍት ነው። እንቁላሉም አለ። የዳዳቻም ዘር ደህና።
"ታዲያ ለምን?" አልኩ።
ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። "ምክንያቱን አላገኘነውም። እንደርስዎ ያሉ ብዙ ናቸው። ይጠብቁ።"
ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስሠራ ነበር?

ኅዳር 8
ቤታችን ገባን። አፀደ ከሻሸመኔ እስከ ክብረ መንግሥት አለቀሰች። እኔ ምን ብዬ ላልቅስ? ደህና ነሽ ተብሎ ይለቀሳል? ቀናሁባት። በተዘጋ ቱቦ! ጤነኛ ነኝ?

ጥር 12
አፀደ የእህቷን ልጅ በጉዲፈቻ ወሰደች። ለምን ያለ ሰው የለም። ምክንያቷን ሁሉም ያውቃል።
የዳዳቻ ወንድም ገልገሎ የሚኖረው አሬሮ፣ ገጠር ነው። ስድስት ልጆች አሉት፤ የመጨረሻው ሶራ ጡት ጥሏል። "እሱን እንለምናቸው" አልኩ። አማቴ ተቆጡ። "ሐኪሙ በሩ ክፍት ነው አላለሽም? የራስሽ እየመጣ የሰው ልጅ ምን ያደርግልሻል?" የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊም፣ "እህቴ፣ እምነት አጣሽ እንዴ?" ዳዳቻ መምህር ነው፤ የሚናገረው ክፍል ውስጥ ብቻ።
ልጅ እፈልጋለሁ። ከየትም ይምጣ። መጠበቅ ሰለቸኝ።

የካቲት 3
ዋሸሁ።
አማቴ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። "እማማ፣ እንዳያዝኑ ብዬ ደብቄዎት ነው። ቱቦዬ ተዘግቷል። እንደ አፀደ።" ቢላውን አስቀመጡ። ከሽንኩርቱ ይሁን ከኔ... አለቀሱ። "ኢንተላ ኮ! ልጄ! ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ? ይሄማ መላ አለው።" ነገ በጭነት መኪና አሬሮ ይሄዳሉ።
ለዳዳቻ ነገርኩት። "ችግሩ የልጅዎ ነው ብትያቸው አይሻልም ነበር?" አለ።
"ወንድ መካን ነው ቢባል ማን ያምናል?" አልኩት። ሳቀ። ቆይቶ እጄን ያዘ።

የካቲት 19
አማቴ ሶራን አዝለው መጡ። ገና ሲወለድ የተሰጠችው ጊደር አለችው፤ ሀንዱራ ይሏታል። እዚያው አሬሮ ትደግ ተብሏል። ልጁ ሲያየኝ አለቀሰ። ቀሚሴን ግን አልለቀቀም። ደስ አለኝ፤ በጣም። ጉያቱን ወተቱን እጥፍ አድርጊው አልኳት።

ሚያዝያ 18
የወር አበባዬ ዘገየ። ለማንም አልተናገርኩም። አርግዤ ከሆነስ? የተዘጋ ቱቦ ተከፈተ ልበል? አማቴ ልጁን ይመልሱት ይሆን? ሶራ ጭኔ ላይ ተኝቷል። እግሬ ደነዘዘ፤ አልነቃነቅም።

ሚያዝያ 23
መጣ። እፎይ አልኩ። በየወሩ ሳለቅስበት የኖርኩት ነገር... እፎይ ያልኩት እኔ ነኝ?

ግንቦት 2
ጉያቱ ጮጮዋን አስቀመጠች። ሶራ በሩን ይዞ ቆሟል። አየችው። "ናጋ? ኢጆሌን ናጋ?"
"ናጋ" አልኩ።
"ሎን ናጋ?"
አሬሮ ያለችው ጊደር ትዝ አለችኝ። እዚያ ዘንቦ ይሆን? ሳር አላት? እውነቱን ለመናገር አላውቅም። ገልገሎ ጋ ሰው ልኬ ማስጠየቅ አለብኝ።