መጋዘን ተቆልፎበት ስለሚገኘው መጥረጊያችን

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ማህበር ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የጉልበትዎን ደህንነት በትህትና እጠይቃለሁ። ምድር ቤት ስለሚኖሩ አምስቱን ፎቅ መውጣት አላስፈለገዎትምና ጉልበትዎ እንደ አዲስ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። እኔ የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪና የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ይህን ደብዳቤ መግቢያው ላይ ከመመሪያዎ ጎን የለጠፍሁት ብቻውን እንዳይሰለቸው ብዬ ነው።

ለእንግዳ አንባቢ ልንገር። ሕንፃችን ውስጥ አንድ ባለ ረጅም እጀታ መጥረጊያ ነበር። ባለተራው ከበሩ ፊት ያለውን ደረጃ ይጠርግና መጥረጊያውን የሚቀጥለው በር ላይ አስደግፎት ይገባል። በቃ። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፤ ስብሰባም አልተጠራበትም። ጠዋት በርዎን ሲከፍቱ መጥረጊያው ላይዎ ላይ ይወድቃል፤ ይራገማሉ፤ ይጠርጋሉ።

ለምን እንደምንጠርግ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ደጎች ስለሆንን አይመስለኝም። የአራተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ «ደረጃ ላይ ሰው ሲያየኝ አንገቴን እንዳልደፋ ነው» ትላለች። የምድር ቤቱ አናጺ «እኔ ካልጠረግሁ ሚስቴ እኔኑ ትጠርገኛለች» ይላል። አምስተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩት ጡረተኛው የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ጋሽ መምህር፣ ደግሞ «መጥረጊያው ሲመጣ እንግዳ የመጣልኝ ይመስለኛል» ይሉ ነበር። ሦስት የተለያየ ምክንያት፣ አንድ ንጹሕ ደረጃ።

ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ባለ አራት ገጽና ባለ ማህተም የጽዳት መመሪያ ስላወጡልን እናመሰግናለን። «የጋራ ንብረት በየሰው በር መንገላታት የለበትም» ብለው መጥረጊያውን መጋዘን ቆልፈውበታል፤ ከዚያ ወዲህ በእርግጥ አልተንገላታም። ቁልፉን ጠዋት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ከእርስዎ ዘንድ ማግኘት እንደሚቻል ተጽፏል። በዚያ ሰዓት ሁላችንም ሥራ ላይ ነን፤ ይህም መጥረጊያውን ከድካም አድኖታል።

፪. ባለተራው «ተጠርጓል» ብሎ እንዲፈርምበት መግቢያው ላይ ስለሰቀሉልን ወረቀትም እናመሰግናለን። ቀድሞ እንድንጠርግ ነበር የሚጠበቅብን፤ አሁን እንድንፈርም ነው፤ መፈረም ደግሞ ወገብ አያሳምምም። ያልፈረመ ሰው ስሙ በቀይ ቀለም እንደሚለጠፍ ስላስታወቁን አንዳችን ለአንዳችን መፈረም ጀምረናል። ስለዚህ ትብብራችን ጠፋ ብለው አይስጉ፤ ቦታ ነው የቀየረው። ወረቀቱ እንደ መስታወት ያበራል። ደረጃው ላይ ግን የጫማ ዱካ እየቆጠርን ማን እንደገባ እናውቃለን።

፫. ሦስተኛውን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ተቀመጥሁ።

ጋሽ መምህር ከሁለት ሳምንት በፊት ሰኞ ጠዋት መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። በማግስቱ ተራቸው ነበር። የተገኙት ረቡዕ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ባቆመችበት አንድ አፍታ ቧንቧው በኩባያ ሲመታ ሰማች።

ቀድሞ ቢሆን መጥረጊያው አንድ በር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ከቆመ በሩ ይንኳኳል። ደንብ ነው ያለን ሰው አልነበረም። «ጋሼ፣ መጥረጊያው ሥር ሰደደ እኮ!» እያለች ልብስ ሰፊዋ በሩን ትደበድባለች፤ «መጣሁ ልጄ፣ አትጩሂብኝ» ይላሉ። ባለፈው ክረምት በትኩሳት ወድቀው ያገኘቻቸው እንዲህ ነው። ወረቀት ግን በር ላይ አይቆምም። ወረቀት ይሞላል።

እርስዎም ስንጮህብዎ ወረቀቱን አውጥተው «ማክሰኞ ደህና ነበሩ፤ ይኸው ፈርመዋል» አሉን። እውነት ነው። ማክሰኞ፣ «ተጠርጓል»፣ ፊርማ።

ፊርማው የእኔ ነው።

ስማቸው በቀይ እንዳይለጠፍ ብዬ ነበር። ደግነት መስሎኝ። እሳቸው ቀዝቃዛ ወለል ላይ ተኝተው ሳለ እኔ መግቢያው ላይ ቆሜ ስማቸውን በጥንቃቄ ጻፍሁ፤ የመጨረሻዋን ፊደል ጭራ እንኳ እንደሳቸው አሳመርሁ። የሰው ስሕተት ማረም ነው እንጀራዬ። ወደ ላይ ሁለት ፎቅ መውጣት ግን አልታየኝም። መመሪያዎ አላዘዘኝማ። እንዲህ ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬያለሁ፤ አራት ገጹን ሁለት ጊዜ አንብቤ መደበቂያ የሚሆን መስመር አጣሁበት።

ጋሽ መምህር የፊታችን ቅዳሜ ከሐኪም ቤት ይመለሳሉ። በምርኩዝ ስለሚሄዱ መጥረግ አይችሉም፤ እኛ እንጠርግላቸዋለን። ስጠይቃቸው ግን ስለ ዳሌያቸው አላወሩኝም። «እንግዳዬስ?» አሉኝ። ስለዚህ መጥረጊያው ከቅዳሜ በፊት ወደ ደረጃው እንዲመለስ፣ እሳቸው በር ላይም ተራውን ጠብቆ እንዲቆም፣ ብዙ ሥራዎን እያቋረጥሁ እለምናለሁ።

የደረጃዎን አቧራ በጫማችን ተሸክመን ዕለት ዕለት በበርዎ ፊት ከምናልፈው መካከል፣ ለመመሪያዎ እጅግ ታማኝ የሆንሁት፣ በራሴም በሰውም ስም ፈራሚዎ፣

የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አናጺው መልስዎን መጠበቅ ስላልሆነለት ዛሬ ጠዋት ሌላ መጥረጊያ ሠርቶ የእርስዎ በር ላይ አስደግፎታል። ባለፉት ዓመታት መጥረጊያው እርስዎ ዘንድ ሲደርስ የትም ሳይነቃነቅ ይቆም ነበር፤ ጎረቤትዎ አናጺው ድርሻዎን ጠርጎ ያሳልፍልዎት ነበር፤ እኛም ጤናዎን ስለምናውቅ አናንኳኳም ነበር። አሁን ግን አያሳልፈውም። ዛሬ ማታ እዚያው ቆሞ ካገኘነው ሁላችንም ወርደን በርዎን እንደበድባለን፤ ወድቀው እንደሆነ ብለን።