ሎሚው ላይ ያደረችው ዶሮ

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

ልብስ አጠብኩ። ምስር ቀቀልኩ። ከሰዓት ባሌ ውድነህ አባቴን ይዞ ከሞሻቭ፣ ከገበሬዎቹ መንደር፣ ተመለሰ... ካርቶን ውስጥ ሁለት ዶሮ! አንዷ ቀይ፣ አንዷ ገብስማ። ማንን ልቆጣ? አባ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቁ አየሁ።

አባ የዶሮዎቹን እግር በሲባጎ አስረው ግቢያችን ካለው ሎሚ ግንድ ጋር አቆራኟቸው። ልጄ ሊኢል ዕብራይስጥ ቀላቅላ አያቷ ላይ ጮኸች፦ "ሳባ፣ ማ ዜ? ምንድን ነው ይሄ? እንስሳ ማሠቃየት እኮ ነው!"

"አዲስ ዶሮ ካልታሰረች ቤቷን አታውቅም፣ ልጄ።"

ሲመሽ መታጠቢያ ቤት እናሳድራቸው አሉ። እምቢ አልኩ። ሽታውን ማን ይችለዋል?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ፎቅ ላይ ያለችው ኤሊሸቫ አስጠነቀቀችኝ። ከሰፈሩ ኩሬ ዳር የሚመጡት ቀበሮዎች እሷ ለድመቶች የምታስቀምጠውን ምግብ እየበሉ ደጃችንን ለምደዋል። "ታዲያ አታስቀምጪው!" አልኳት። "አይ ባንች፣ ሰፈሩ የነሱ ነበር፤ እኛ ነን የመጣንባቸው" አለች። እሷ ከላይ ሆና ምን አለባት!

አባ ቀኑን ሙሉ ከዶሮዎቹ ጋር ዋሉ። ደስ አለኝ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ነቬ ኢታማር ሰፈር ያለውን ቤታቸውን ለቀው እዚህ ዐጋሚም እኛ ጋ ናቸው፤ ልባቸው ግን እዚያው። በየቀኑ በአውቶቡስ ይሄዱ ነበር፣ ጓደኛቸው ብሩ ጋ። ባለፈው ወር ሌላ አውቶቡስ ተሳፍረው ጠፉ። በፖሊስ ተፈልገው ተገኙ። ያን ቀን የሞትኩትን ሞት... ከዚያ የአውቶቡስ ካርዳቸውን ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅሁ። "ጠፍቷል" አልኳቸው። ምን ላድርግ? ዶሮዎቹ ቤቱን ካስለመዷቸው እሰየው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ቀይዋ የለችም። ግቢው ላባ በላባ። አንድ እግሯ ከነቋጠሮው ሎሚው ሥር ቀርቷል።

ገብስማዋን ሊኢል አገኘቻት። ሎሚው ጫፍ ላይ፣ የተበጠሰ ሲባጎ እግሯ ላይ ተንጠልጥሎ።

አባ በባዶ እግራቸው ወጥተው ቆሙ። "ባላስራት ትበር ነበር" አሉ። ፊታቸውን አዙረው ገቡ። ምሳም አልበሉም። መታጠቢያ ቤት ይደሩ ሲሉ እምቢ ያልኩትስ እኔ አይደለሁ?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ውድነህ ከሥራ ቀርቶ የሽቦ በር ያለው ቆጥ ሠራ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አሉ አባ። መናገራቸው በራሱ እፎይ አሰኘኝ።

ገብስማዋን ግን ፈትተው ለቀቋት።

"ካልታሰረች ትጠፋ የለ እንዴ?" አልኳቸው።

"ትጥፋ። የታሰረችውን አየናት አይደል?"

ጓዳ ገብቼ ቦርሳዬን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት። ፈራሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ገብስማዋ ስትዞር ዋለች፤ ጎረቤት ግቢ ሁሉ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጥታ ቆጧ ገባች። ማንም አልጠራትም። አባ በሩን ዘጉላት።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ጠዋት ካርዱን ሰጠኋቸው። "አልጠፋም፤ ደብቄው ነው" አልኩ።

"አውቃለሁ። ቦርሳሽ ውስጥ አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልወሰዱትም?"

"አንቺ እስክትሰጭኝ ነዋ።"

ሄዱ። ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ አልይዝ አለ። ስልክ አያነሱም። ሁለቴ ጫማዬን አጥልቄ ልፈልጋቸው ስል ሊኢል ያዘችኝ። "ኢማ፣ ዳይ! እማ በቃ፣ ሳባ ይመጣል።" ሊመሽ ሲል ቀበሮዎቹ በኩሬው በኩል መጮህ ጀመሩ። ገብስማዋ ቆጧ ገብታለች። በሩን ልዘጋ እጄን ሽቦው ላይ እንዳደረግሁ የግቢው በር ሲጥጥ አለ።

"ተይው፣ እኔ እዘጋዋለሁ።"

አባ! ዞር ብዬ እንባዬን ጠረግሁ። እሳቸው ጎንበስ ብለው በሩን እየሸጎጡ፣

"ብሩ፣ 'ዘበነ፣ እራት ሳትበላ አትሄድም' ብሎ ያዘኝ" አሉ። "ዶሮዬን የሚዘጋልኝ የለም ብዬው መጣሁ።"