አባዬ፣ እማዬ የግቢውን እንቁላል ሁሉ ለቀመችው

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን የብርዱ ወራት ሙሉ አለፈ። ቅጠል ሲረግፍ ሄድክ፤ አሁን ከኩሽናችን መስኮት ፊት ለፊት ያለው ዛፍ መልሶ ለምልሟል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ ደስ የሚል ነገር አጥቼ ነው። አሁን አገኘሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቤቱ። አንተና እማዬ የኖራችሁበትን የባተርሲውን የኪራይ ፍላት ለባለቤቱ ለካውንስሉ አስረከብን፤ እማዬም እኛ ጋ ሆሎዌይ ገብታለች። የናቲን ክፍል ሰጥተናት እሱ ከእህቱ ከሊያ ጋር ተዳብሏል። ዳይኖሰር የተሳለበት የልጅ መጋረጃው ይቀየርልኝ ስላላለች ማታ ማታ ዳዊት የምትደግመው ከዳይኖሰሮች ሥር ነው። ያንተን ፎቶ ከአልጋው ራስጌ ሰቅላዋለች፤ ትልቁ ዳይኖሰር አፉን ከፍቶ ወደ አንተ ያያል። ላዛውረው ስል "ተዪው፤ አባትሽ አውሬ አይፈራም" አለችኝ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ፋሲካ ነው፤ ስለ ሁለቱም።

አንተ እያለህ የእኛና የፈረንጆቹ ተብሎ ሁለት ፋሲካ መኖሩ ችግር ሆኖብን አያውቅም። "ጌታ የተነሳው አንዴ ነው፤ ልጆቹ ሁለቴ ቢደሰቱ ግን የሚቆጣ አይመስለኝም" ትል ነበር። ራስህ ሁዳዴን እየጾምክ ለልጆቹ፣ እንደ ፈረንጆቹ የፋሲካ ጥንቸል ያመጣው አስመስለህ፣ የቸኮሌት እንቁላል ትደብቃለህ፤ በየትራሱ ሥር፣ በየኪሱ፣ በየጫማው። አንድ ዓመት አንዱን የቤተ ክርስቲያን ጫማህ ውስጥ ከተህ ረሳኸው። ጠዋት እየተቻኮልክ እግርህን አስገባህ፣ አውቶቡስ ተሳፈርን፣ ደረስን። በሩ ላይ ጫማ ስታወልቅ ነጭ ካልሲህ ከጣቶችህ እስከ ተረከዝህ ቡናማ ሆኗል። እማዬ ከሴቶቹ በኩል አይኗን አፍጥጣ አየችህ። "ጭቃ ነው" አልካት፤ ዝናብ ጠብ ሳይል የሰነበተበት ሳምንት ነበር። ከኋላህ የሚሰግዱት ሽማግሌ ግንባራቸውን ወለሉ ላይ ባደረጉ ቁጥር ቸኮሌት ቸኮሌት እየሸተታቸው፣ በጾም ፈተና የመጣባቸው መስሏቸው ደጋግመው ሲያማትቡ ዋሉ። የቸኮሌቱ ጥንቸል ሁለት ጆሮ ስለጠፋበት ዓመት ደግሞ ናቲ ዛሬም "እኔ አይደለሁም" ይላል። እኔ አምነዋለሁ።

ዘንድሮ እማዬ ገና ጾሙ ሲገባ ቁርጡን ነገረችኝ። "በዚህ ቤት ፋሲካ የለም። ዶሮም አልሠራም፣ እንግዳም አልቀበልም። እናንተ ከፈለጋችሁ ሰው ቤት ሂዱ።" ከቀብርህ ወዲህ ጥቁሯን አላወለቀችም፤ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አትወጣም። ምን ብዬ ልከራከራት?

የፈረንጆቹ ፋሲካ ዘንድሮ በእኛ ሆሳዕና ዋለ። ከታች የምትኖረውን ጎረቤታችንን ማርጋሬትን አንተ ከማናችንም በላይ ታውቃታለህ፤ እኛ ጋ በመጣህ ቁጥር ስለ ቲማቲም ተክል ስታወሩ ሻያችሁ ይቀዘቅዝባችሁ ነበር። በየዓመቱ እንደምታደርገው የሕንጻውን ልጆች ጠርታ ግቢው ውስጥ የእንቁላል ፍለጋ አዘጋጀች። እማዬ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ባለቤቴ ሰለሞን ልጆቹን ቤት ይዞልኝ እኔና ማርጋሬት በወርቃማና በቀይ ወረቀት የተጠቀለሉትን እንቁላሎች ከየቁጥቋጦው ሥር፣ ከአበባው መትከያ ጀርባ፣ ከአግዳሚው ወንበር ስር ደበቅናቸው። ከዚያ ብርድ ስለነበር እሷ ቤት ገብተን ሻይ ጠጣን። ስህተታችን ሻዩ ነው።

ሰዓቱ ሲደርስ ልጆቹ ቅርጫት ቅርጫታቸውን ይዘው ወጡ። ማርጋሬት ፊሽካ ነፋች። ልጆቹ ተበተኑ፤ ቁጥቋጦውን ገለጡ፣ ወንበሩን ገለበጡ፣ ሣሩ ላይ ተንበረከኩ። ምንም የለም። አንድ ወርቃማ ወረቀት እንኳ የለም። ትንንሾቹ ማልቀስ ጀመሩ። ማርጋሬት ቀበሮ ነው አለች። ሰለሞን ቀበሮ ቢሆን ወረቀቱን ይተው ነበር አለ። ከሁለተኛ ፎቅ የወረደ አንድ አባት ሽኮኮዎችን ጠረጠረ፤ ሚስቱ ደግሞ የግቢው ካሜራ ቼክ ይደረግ አለች። ትልልቆቹ እንደ ፖሊስ ቆመን ስንመካከር ናቲ መጣና ቀሚሴን ጎተተኝ።

"ማሚ፣ ጥንቸሉም እንደ አባባ ሞተ?"

ማርጋሬት ፊቷን አዙራ ባዶውን ቅርጫት ማስተካከል ጀመረች።

ቤት ስንገባ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ተኝታ የነበረችው እማዬ ነቅታ፣ ዘንባባዋን ግንባሯ ላይ እንዳሰረች ሽሮዋን ትበላለች። "ልጆቹ ምን ሆነው ነው ያኮረፉት?" ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰች።

"እነዚያን የሚያብለጨልጩትን ነው? እኔ ነኝ ያነሳኋቸው።"

እንዴት እንደተረጋጋች ብታያት። ከአውቶቡሱ ወርዳ በጓሮ በር ስትገባ ቸኮሌት በየቁጥቋጦው ተዘርቶ አየች። የልጅ ነገር ወድቆ ይበላሻል አለች። ነገ ሕማማት ሊገባ ደግሞ ማን ይበላዋል አለች። ነጠላዋን ዘርግታ አንድ በአንድ ለቀመችው፤ አንድም አልቀራት። እኔና ማርጋሬት ደብቀን ለመጨረስ ጠዋቱን ሙሉ የፈጀንበትን እሷ ጉልበቷን እያመማት በአንድ ዙር ጨረሰችው።

"የት አደረግሻቸው፣ እማዬ?"

"ንጹሕ ቦታ። ፋሲካ ሲደርስ ለየባለቤቱ እሰጣለሁ።"

ንጹሕ ያለችው ፎጣ የምናስቀምጥበትን፣ የሞቀ ውሃው ታንከር ያለበትን ቁምሳጥን ነው። በሩን ስከፍተው ሽታው ተቀበለኝ። ወረቀቶቹ ተጨማደው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ቸኮሌቱ ነጠላውን አልፎ ወደ ፎጣው፣ ከፎጣው ወደ ሰለሞን ነጭ የሥራ ሸሚዝ ወርዷል። ሊያ እጇን አጣምራ በእንግሊዝኛ "እማማ ሌባ ናት" አለች። ናቲ ግን ጣቱን ነክሮ ላሰና ፊቱ በራ። "አልሞተም" አለ። "እማማ ጋ ነበር።"

እኔ ሳቄ መጣ። እማዬ ግን አልሳቀችም። መታጠቢያ ቤት ገብታ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋ ጭኗ ላይ ነው።

"አባትሽ ይነግረኝ ነበር" አለችኝ። "በየዓመቱ ወደዚህ ስንመጣ ይነግረኝ ነበር። 'ዛሬ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ይጫወታሉ፣ አንቺ በፊት ለፊት በር ግቢ' ይለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። እሱ በፊት በር ካለ በፊት በር ነው። አሁን የሚነግረኝ የለም፤ የሰው ልጅ አስለቀስኩ።"

አባዬ፣ ይህን ያህል ዓመት ለንደን ስትኖር እማዬ ለንደንን የምታውቃት በአንተ አፍ እንደነበረ እኔ ያን ቀን ነው የገባኝ። አንተን ብቻ የቀበረች መስሎኝ ነበር። ለካ በአንተ በኩል የምታየው ከተማም አብሮ ጨልሞባታል።

በማግስቱ ጠዋት የሕማማት ስግደቷን ጨርሳ ወደ ኩሽና መጣች። "በግቢው ያሉት ልጆች ስንት ናቸው?" አለችኝ። ከሃያ አያንሱም አልኳት። "የሚመጣው እሁድ ሁሉም ይምጡ። ፋሲካ እዚህ ነው። እንቁላላቸውን እኔ እደብቃለሁ።"

ቸኮሌት ልግዛ ብላት አልቀበል አለች። ያለ ዶሮ እንቁላል ሌላ እንቁላል አታውቅም። ሊያ ከዩቲዩብ ላይ እንቁላል በሽንኩርት ልጣጭ ሲቀለም አሳየቻት፤ ማርጋሬትም ይህን ስትሰማ የራሷ እናት እንዲሁ ታደርግ እንደነበር ነግራን ቅዳሜ ልታግዝ መጣች። እማዬ ስሟን መጥራት ስለሚያዳግታት "ማሬ" ትላታለች። ሊያ ትርጉሙን ስትነግራት ማርጋሬት ፊቷ ቀላ፤ እንደዚያ ብሎ የጠራት ሰው ባሏ ከሞተ ወዲህ የለም።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሁለቱ ለዶሮው ሽንኩርት ሲልጡ ዋሉ። እማዬ ከሐሙስ ጀምራ አክፍላለች፤ ውሃም አልቀመሰችም። ማርጋሬት ብስኩት ታቀርብላታለች፣ እማዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እምቢ ትላለች። ቆይታ ሻይ ታቀርብላታለች፣ አሁንም እምቢ። በመጨረሻ ማርጋሬት ወደ ኮሪደሩ ጠርታኝ እናትሽ ታማለች፣ ሐኪም እንጥራ አለችኝ። ምሥጢሩን ሳስረዳት ለራሷ ያቀረበችውን ብስኩት ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ሁለቱም ሲያለቅሱ ዋሉ፤ ሁለቱም ሽንኩርቱ ነው አሉ። እንቁላሎቹ ግን አምረው ወጡ፤ በሽንኩርት ልጣጭ የተቀቀሉት ቀይ ዳማ፣ በእርድ የተቀቀሉት እንደ መስቀል አበባ ብጫ።

እሁድ እማዬ ከቅዳሴ ተመልሳ፣ ፈስካ፣ ትንሽ ተኛች። ስትነሳ ጥቁሩን አውልቃ ነጭ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ከክፍሏ ወጣች። ናቲ አንተ ከሁለት ዓመት በፊት ከብሪክስተን ገበያ "ያድግበታል" ብለህ የገዛህለትን ኮት ለበሰ። አባዬ፣ አድጎበታል። እጅጌው ልክ አንጓው ላይ ቆሟል። ለሊያ የገዛኸው ግን ገና ነው፤ እሱን ሳትዳር አትለብሰውም።

እማዬ ማንንም ሳታስከትል እንቁላሎቿን ይዛ ወደ ግቢ ወረደች። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው። ማርጋሬት እንቁላል የምትደብቀው እንዲገኝ ነው። እማዬ የደበቀችው እንዳይገኝ ነው። ልጆቹ ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ ደከሙ። እሷ አግዳሚው ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ታያቸዋለች። "እማዬ፣ ትንሽ ጠቁሚያቸው" ብላት "ምን አስቸኮላቸው? ይፈልጉ" አለችኝ። አንዱ በተጠቀለለው የማርጋሬት ጃንጥላ ውስጥ ተገኘ። አንዱ በአንድ ሕፃን ጋሪ ውስጥ፣ የተኛው ሕፃን እግር ሥር ነበር፤ እናትየው እስከ ዛሬ መቼ እንደገባ አታውቅም። አንዱን የሁለተኛ ፎቁ አባት የራሱ ኮት ኪስ ውስጥ አገኘው። ልጆቹ አንድ ባገኙ ቁጥር ግቢው በጩኸት ይናጋል። ቸኮሌት በተደበቀባቸው ዓመታት ሁሉ እንዲህ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ እማዬ ልጣጩን እያነሳች እንቁላሉን በጨውና በጥቂት ሚጥሚጣ ማስበላት ጀመረች። ትንሽ ብቻ ነው የምትለው፤ የእማዬን ትንሽ ታውቀዋለህ። አንድ ቀይ ጸጉር ያለው ልጅ ቀመሰ፣ ፊቱ እንደ ጸጉሩ ሆነ፣ የሦስት ልጆች ጭማቂ ጠጣ፣ ከዚያም ሌላ ስጡኝ አለ። ማታ ቤታችን መቀመጫ ጠፍቶ ሰው ደረጃው ላይ ዶሮ በላ።

ስንቱን የት እንደደበቀች እማዬ ራሷ ረስታዋለች። እስካሁን ሁሉም አልተገኙም። ከብስክሌቶቹ ማቆሚያ አካባቢ ሙቀት ሲጨምር አንድ ነገር ይሸታል፤ ሰለሞን ዝም እንድንል ለምኖናል።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ትጠይቀኛለች። ድሮ አንተን ትጠይቅ የነበረውን ሁሉ እኔን ትጠይቀኛለች። ሊፍት ውስጥ ሰው ሁሉ ለምን ኮርኒሱን ያያል? ማሬን እግሯን ስረግጣት እሷ ለምን ይቅርታ ትጠይቀኛለች? የማውቀውን እነግራታለሁ፤ የማላውቀውን ስልኬ ላይ አያለሁ። በሰሞኑ ደግሞ ኖቬምበር ሲገባ ሰማዩ ላይ ስለሚተኮሰው ርችት ተነሳ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ፓርላማውን በባሩድ ሊያፈነዱ የነበሩ ሰዎች የተያዙበት መታሰቢያ ነው ልላት ገና አፌን ስከፍት "እሱንስ አውቃለሁ፣ አባትሽ ነግሮኛል" አለችኝ። "የአንድ ትልቅ ሰው ሠርግ ነው።"

አባዬ። በየዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ ሠርግ? ሥራ ውለህ ደክሞህ ይሆናል፣ ወይም አንተም አታውቀው ይሆናል። እማዬ ግን በየዓመቱ መስኮቱ ላይ ቆማ "ትዳራችሁን ያጽናላችሁ፣ ውለዱ ክበዱ" እያለች ሙሽሮቹን ስትመርቅ ኖራለች።

አላረምኳትም። ዘንድሮም ርችቱ ሲጀምር ከጎኗ መስኮቱ ላይ እቆማለሁ። እሷ ሙሽሮቹን ትመርቃለች፤ እኔ አንተን አስብሃለሁ፤ ሁለታችንም አሜን እንላለን።

ልጅህ ገነት